አስቸኳይ፦ ባህር ዳር ውስጥ ለተማሪ ኪስ የሚሆን የሚጋለብ ፈረስ የት ላግኝ?

የአዊ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ዛሬ ጠዋት ፈረስ አልባ ሆኛለሁ። ከኅዳር ጀምሮ እሁድ እሁድ ከአንድ ባለጋሪ በ200 ብር እየተከራየሁ እለማመድ ነበር። ዛሬ ኮርቻ ልጭን ስል ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተልጦ አየሁ። ጨርቁን ሳነሳው ጸጉሩ አብሮ ተነሳ። ወዲያው ዝንብ ወረረው። ባለቤቱ «ምንም አይል፣ ውጣበት» አለኝ። እምቢ አልኩ። ተጨቃጭቀን ተለያየን። ሌሎቹ የጠየቅኳቸው ለፎቶ የሚያስከፍሉ ናቸው፤ ለአንድ አጭር ዙር 300 ብር። ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል ከአባቴ ጋር እንጅባራ ላይ በፈረስ እወጣለሁ። የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። እባካችሁ ጠቁሙኝ።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ የዩኒቨርሲቲው የትኛው ግቢ ነህ? ፔዳ ነህ፣ ፖሊ? የራስህ ኮርቻ አለህ? ስንት ኪሎ ነህ? እሱን ሳናውቅ ምን ብለን እንጠቁምህ።

ጋሼ ከዳንግላ፦
ልጄ፣ ፈረሱ ይደረስበታል። መጀመሪያ የምትወጣበትን ቀን እወቀው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ ዘምተው የተዋደቁትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። ጥር 23 ጊዮርጊስ ነው። የዓድዋው ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነበር። አያቶቻችን ፈረስን ከሰው አሳንሰው አላዩም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። የቆሰለ ፈረስ ላይ አልወጣም ማለትህ ያባትህ ልጅ መሆንህን ያሳያል። ተባረክ።

የአዊ ልጅ፦
አሜን ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፖሊ ነኝ። ኮርቻ የለኝም፤ የአባቴ እንጅባራ ነው።

ቀበሌ 14፦
«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይባላል። እኛ ጋ ሜዳው አለ፣ የጠፋው ፈረሱ ነው። ባህር ዳር ደግሞ የብስክሌት አገር ናት፤ ብስክሌት ተከራይ። የምሬን ነው። እኔ ለጉግስ ዘንግ መወርወር የለመድኩት አንድ እጄን ለቅቄ ብስክሌት እየነዳሁ ነው። ወገብህን አዙረህ ስትወረውር ሚዛንህን መጠበቅ ትለምዳለህ። ዘንጉ ቀላል ይሁን፣ መንገዱም ሰው የሌለበት።

መርዓዊ፦
ለምን ትጨነቃለህ? ወፍራም ብርድ ልብስ አራት አጥፈህ ከኮርቻው ስር አድርግለትና ያንኑ ፈረስ ጋልብ። እኛ ሁሌ የምናደርገው ነው።

ቢራቢሮ፦
እኔም ብርድ ልብሱን እላለሁ። ኮርቻው እንዳይነካው ከፍ ያደርገዋል።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
ብርድ ልብሱ አይሆንም፣ እባካችሁ። ጨርቅ በጨመራችሁ ቁጥር ኮርቻው ይጠብቃል፤ ቁስሉን የበለጠ ይጫነዋል፣ ላብና ሙቀትም ያፍናል። ጠባብ ጫማ ላይ ሁለት ካልሲ እንደማድረግ ነው። ያ ፈረስ እስኪድን ምንም ነገር ጀርባው ላይ ማረፍ የለበትም። ባለቤቱን ካገኘኸው ንገረው፦ ውኃ አፍልቶ ያቀዝቅዝ፣ ትንሽ ጨው ይጨምርበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ይጠበው። ዝንብ ይከላከልለት። መግል ካለው ወይም ካበጠ ሐኪም ይየው። የጋሪውም ማሰሪያ እዚያው ቦታ ላይ እያረፈ እንደሆነ ይመልከት፤ መነሻው እሱ ሊሆን ይችላል።

የሰከላው፦
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። የጋሪ ፈረስ ላይ ተለማምደህ ጉግስ ልትገባ ነው? የጋሪ ፈረስ ዓይኑ ግራና ቀኝ ተከልሎ ነው የሚውለው። ጎኑ ላይ ሌላ ፈረስ እየጋለበ ሲመጣበት ይደነብራል። ደግሞም ፈረስ ሰው ይለያል። የምትወጣው በአባትህ ፈረስ ከሆነ መልመድ ያለብህ እሱን ነው። ባህር ዳር ላይ ብር አትጨርስ፤ ቀደም ብለህ አገርህ ግባ።

የአዊ ልጅ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ግን እስከ ጥር 15 ፈተና ላይ ነኝ። 120 ኪሎ ሜትር በየሳምንቱ መመላለስ አልችልም፤ ትራንስፖርቱም ቀላል አይደለም። የምፈልገው ጭኔና ወገቤ እንዳይዝል ነው። ባለፈው ዓመት ሳልለማመድ ሄጄ ግማሽ ቀን ጋልቤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ።

መርዓዊ፦
ታዲያ የአባትህን ፈረስ በመኪና አስመጣዋ።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
እኔ አልመክርም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ብርድ አገር ነው። እኛ 1,800 አካባቢ ነን፤ ሐይቁና ረግረጉ ደግሞ ትንኝ ያረባል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። በቅሎና አህያ ይሻላሉ እንጂ ፈረስን ክፉኛ ይገድላል። ክትባት አለው። ያልተከተበ ፈረስ ግን ከደጋ አውርዶ ደንገል ዳር ማሳደር ልክ አይደለም። ማምጣት ግድ ከሆነ አስከትቡት፤ ከማታ እስከ ንጋት ቤት ውስጥ ይደር።

ቢራቢሮ፦
ዘጌ ሄደህ ብትጠይቅስ? በጀልባ ቅርብ ነው፣ ደን ውስጥ መጋለብም ደስ ይላል።

ጣና ዳር፦
ዘጌማ በበሬ ማረስም ከብት ማርባትም ከጥንት የተከለከለበት የገዳም አገር ነው፤ ኑሮው ቡና ነው። ፈረስ ፍለጋ አይኬድበትም። ይልቅ ቅዳሜ ገበያ ሂድ። ከገጠር በፈረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ፈረሳቸው ታስሮ ነው የሚውለው። አነጋግራቸው።

የሰከላው፦
ለማነጋገር ይሁን። ግን ሌሊት ተነስቶ የመጣና ማታ የሚመለስ ፈረስ ነው። እዚያው ላይ አትጋልበው፣ ይረፍ።

ከቡዳፔስት የተመለሰች፦
ወንድሜ፣ ያንተ ነገር የራሴን አስታወሰኝ። ሀንጋሪ ሁለተኛ ዲግሪ ስማር ፈረስ በጣም ናፍቆኝ ነበር። የአንድ ሰዓት ትምህርት ክፍያው ለስኮላርሺፕ ተማሪ አይቀመስም። አንድ ጓደኛዬ «ብር አትጠይቂ፣ ሥራ ጠይቂ» አለችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ በረት ሄጄ ጠየቅኩ። ቅዳሜ ጠዋት ፋንድያ እጠርጋለሁ፣ ጭድ አነጥፋለሁ፣ ሰኮና እጠርጋለሁ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያስጋልቡኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች ጠረግኩ እንጂ አልወጣሁም። በአራተኛው አንዲት አሮጊት ዳማ ፈረስ ሰጡኝ። ኮርቻ ሳይጫንባት መሳብ ብቻ ነበር የተፈቀደልኝ፤ ግን እያለቀስኩ ነው የሳብኳት። እዚህም የሚሠራ ይመስለኛል። ፈረስ ያለው ሰው የሚያጣው ጊዜ ነው። ውኃ ልቅዳለት፣ ልጠበው፣ ሣር ላምጣለት ስትለው ሌላ ሰው ሆነህ ነው የምትታየው። ዋጋ ከተከራከርክ ግን ያው ደንበኛ ነህ።

ቀበሌ 14፦
እህቴ፣ ይኼ ነው መልስ!

የመሸንቲ ልጅ፦
ሁሉንም አነበብኩ። አጎቴ መሸንቲ መስመር ላይ ሁለት ፈረስ አለው። አንደኛው ለንግሥ ብቻ የሚወጣ ነው፣ እሱን አይሰጥም። ሌላው ቦራ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ስለገቡ ቆሞ ነው የሚውለው። ነገርኩት። «የቆሰለ ፈረስ አልጋልብም ያለው ልጅ ከሆነ ይምጣ» አለ። ብር አይፈልግም። ሁለት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ክብደትህን ንገረኝ፤ ፈረሱ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ስትመጣ አንድ ማዳበሪያ ጭድ ይዘህ ና፤ ፈረሱን ካጠብክና ካበላህ በኋላ ነው የምትወጣው። ጠዋት 12 ሰዓት ድረስ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ 2 ሰዓት ላይ ታቆማለህ። መጀመሪያ ቀን ሶምሶማ ብቻ፣ ግልቢያ የለም። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።

የአዊ ልጅ፦
እግዜር ያክብርልኝ! 63 ኪሎ ነኝ። ሐሙስ ፈተና አለኝ፣ ዓርብ ጠዋት እደርሳለሁ። ጭዱን ፖሊ አካባቢ ከየት ነው የምገዛው?