ጥንስሴ አልነሳ አለኝ፤ ጠላው ለሚካኤል ይደርስልኛል?

የሲያትሏ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ ጠላ ከሰው ነበር የምናስጠምቀው፤ ዘንድሮ ግን እናቴ ስትጠምቅ እያየሁ ስላደግኩ ራሴ ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ለ20 ሊትር ብዬ ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ በጥብጬ 3 ቀን አቆየሁት። ከዚያ አንድ ኪሎ ብቅል አስፈጭቼ፣ ኪታም ጋግሬ ቆራርሼ ጨመርኩበት። ይኸው 5 ቀኑ ነው፣ ምንም የለም። አረፋ የለውም፣ ሽታው የገንፎ ነው፣ ሲቀመስ መራራ ዱቄት ይመስላል። እንኩሮውን (በውሃ ተለውሶ በምጣድ የሚታመሰውን ዱቄት) ገና አልጨመርኩም። ልድፋው ወይስ ይድናል? እህሉን መድፋት በጣም ነው የሚከብደኝ።

የደብረ ታቦሯ
አይዞሽ ልጄ፣ እንዳትደፊው። መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገሪኝ። የት ነው ያስቀመጥሽው? ብቅሉንስ ራስሽ አብቅለሽ ነው ወይስ ገዝተሽ?

የሲያትሏ
እትዬ፣ ያስቀመጥኩት ምድር ቤት ነው። አሁን ስለካው 60 ፋራናይት ነው። ብቅሉን የቢራ መጥመቂያ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገዛሁ። ጥቁር ጠላ ስለምወድ ጥቁሩን መረጥኩ፣ ቡና የሚመስለውን።

ቢራ ጠማቂው (ዴንቨር)
እህቴ፣ ችግሩ እሱ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ቢራ ከጀመርኩ 8 ዓመቴ ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ብቅል የሚፈለገው ውስጡ ባለው ኢንዛይም ነው፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው እሱ ነው፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ቡና የሚመስለው ብቅል ግን ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የተቆላ ስለሆነ ኢንዛይሙ ሞቷል። ቀለምና ጣዕም ይሰጣል እንጂ አያፈላም። እናቶቻችን ብቅሉን በፀሐይ ነው የሚያደርቁት፣ ስለዚህ ኃይሉ አይጠፋም። ጠላውን የሚያጠቁረው የኪታው ማረርና የእንኩሮው መቆላት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ነጣ ያለውን መደበኛ የገብስ ብቅል አንድ ኪሎ ግዢና አስፈጭተሽ ጨምሪ። በፈላ ውሃ ግን እንዳትበጠብጪው፣ ለብ ባለ ውሃ ይሁን። ከ75 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ያኛውም ይሞታል።

የደብረ ታቦሯ
ልክ ነው የኔ ልጅ። እኔ የምጨምረው ስለ ቦታው ነው። 60 ፋራናይት ለጥንስስ ብርድ ነው። ወደ ሳሎን አውጪው፣ በጋቢ ጠቅልይው፣ ግን ማሞቂያው ላይ አታስደግፊው። 70 እና 75 ፋራናይት መካከል ከሆነ በ2 ቀን ውስጥ ድምፅ ታሰማሻለች። ጌሾሽስ አረንጓዴነቱ አለ? ከአገር ቤት መጥቶ ብዙ የቆየ ጌሾ ቡናማ ይሆናል፣ መዓዛውም ይጠፋል።

ከቨርጂኒያ
ጊዜ ካጠረሽ የዳቦ እርሾ አንድ ሻይ ማንኪያ ጣል አድርጊበት፣ በማግስቱ ይነሳል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የደብረ ታቦሯ
ይነሳል፣ ግን የዳቦ ሽታው ጠላው ውስጥ ይቀራል። ለማኅበር የሚቀርብ ነገር ነው፤ እባክሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ብቅሉንና ሙቀቱን አስተካክለሽ እዪው።

ቢራ ጠማቂው (ዴንቨር)
በሁለቱ መካከል ነኝ። በ3 ቀን ካልተነሳ የቢራ እርሾ ግማሽ ፓኬት ይበቃል፣ ሽታ አይተውም። ሌላው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ ተጠቀሚ። ባልዲው ክዳን ላይ ጋዝ ማስወጫ ከሌለው ደግሞ ጥርቅም አድርገሽ አትዝጊው። ጋዙ መውጫ ካጣ ክዳኑን ይወረውረዋል፣ ብርጭቆ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ይፈነዳል፣ ሰው ይጎዳል።

አዲስ አባል (ሚኒሶታ)
ይቅርታ፣ መሃል ገባሁ። ብቅል ቤት ውስጥ ላበቅል ብዬ ከሱፐርማርኬት ገብስ ገዛሁ። ሳምንት ሙሉ አልበቀለም፣ ሸተተ።

ቢራ ጠማቂው (ዴንቨር)
የተፈተገ ገብስ ይሆናል ወንድሜ። እሱ አይበቅልም። ሙሉ ስንዴ ይቀልሃል፤ ሌሊቱን ዘፍዝፈህ፣ አጥልለህ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነህ በቀን ሁለት ጊዜ እያለቀለቅክ 3 ወይም 4 ቀን ጠብቅ። ለእርሻ የሚሸጥ የዘር እህል ግን እንዳትገዛ፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒት የተቀባ ነው።

ከቨርጂኒያ
የምትጠይቁ ስላላችሁ ልንገራችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ለራስ ፍጆታ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ ከ1979 ጀምሮ ተፈቅዷል። በዓመት ለአንድ አዋቂ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ነው። ያለ ፈቃድ መሸጥ ግን ክልክል ነው፣ ለማኅበር እንኳ ብር እንዳትቀበሉበት።

የሲያትሏ
ከ4 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ነጩን ብቅል ጨመርኩ፣ ባልዲውን ሳሎን አወጣሁት፣ በጋቢ ጠቀለልኩት። ትናንት ማታ ቲቪ ዘግቼ ልተኛ ስል እሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስከፍተው አረፋ ሞልቷል! ሽታው የእናቴን ጓዳ አስታወሰኝ፣ እንባዬ ነው የመጣው። እርሾ ሳልጨምር ነው። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን እንኩሮውን ልጨምር? ለማኅበሩ 17 ቀን ቀርቶኛል።

የደብረ ታቦሯ
እሰይ የኔ ልጅ! ነገ ጨምሪው፣ ዛሬ ትጠንክር። እንኩሮው በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ትኩሱን ከጨመርሽ ድካምሽ ሁሉ ገደል ይገባል። ድፍድፉ (ጥንስሱና እንኩሮው ሲደባለቁ) ወፈር ይበል፣ 10 ቀን ይቀመጥ። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ነገር ካየሽ አትደንግጪ፣ ገፈሽ ጣይው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ፀጉራም ሻጋታ ከሆነ ግን ሁሉም ይደፋል፣ እዚያ ላይ መሳሳት የለም። ከዚያ ውሃውን ሙይና 3 ቀን አቆይው። ጉሹን (ያልተጠለለውን ጠላ) ቀምሰሽ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ውሃ የሚያንሰው ከሆነ ከማጥለልሽ በፊት ነው የሚስተካከለው።