«ስምጥ ሸለቆ»፦ የአንድ ቅኝ ግዛት ምርጫ ክልል ታሪክ፣ የጋራ ዕቅዳችን ውይይት

አስተባባሪ፦ ረቂቁ ይኸውላችሁ። ጉዳዩ በቅኝ ግዛት ኬንያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት «ስምጥ ሸለቆ» የተባለው የገጠር ወንበር፣ ከ1920 እስከ 1961 ያለው ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው። ለጊዜው አንድ የተመራጮች ሰንጠረዥ፣ አንድ ካርታና 12 ገጽ ማብራሪያ ታስቧል። የሚታረመውን እስከ እሑድ ማታ አስገቡ። ሁላችሁም በሥራ ድርሻችሁ ተጠርታችኋል፦ መዝገብ፣ ስሌት፣ ካርታ፣ ቃላት።

መዝገብ፦ ሰንጠረዡ ከመነሻው ተበላሽቷል። የሰፋሪዎቹ መሪዎች ሎርድ ደላሜርና ማይክል ብለንደል፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ዳንኤል አራፕ ሞይ፣ በአንድ ዓምድ ተደርድረዋል። ሞይ የብለንደልን ወንበር አልወረሰም። በ1957 ሁለቱም በአንድ ምክር ቤት ተቀምጠው፣ ሁለቱም የስምጥ ሸለቆ ተመራጭ ነበሩ። ብለንደልን የመረጡት ሰፋሪዎቹ አውሮፓውያን ናቸው፣ ሞይን አፍሪካውያን። ስሙ አንድ ነው፤ የመራጮቹ መዝገብ ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ የምንከተለው መዝገቡን እንጂ ስሙን መሆን የለበትም።

ሦስት ሰንጠረዥ ይውጣ። አንደኛው የአውሮፓውያን፦ በ1920 ምርጫ 11 ወንበር ሲሰጣቸው ወንድም ሴትም መርጧል፣ የስምጥ ሸለቆው ለሎርድ ደላሜር ሆነ። ሁለተኛው የአፍሪካውያን፦ በመጋቢት 1957 ለመላው አገር 8 ወንበር ብቻ። ሦስተኛው የ1961ዱ፣ ሁሉም ዘር አብሮ የመረጠበት የጋራ መዝገብ።

ደግሞ «እንዴት ገባ» የሚል ዓምድ ይጨመር። ደላሜር በ1907 በመጀመሪያው ምክር ቤት የተቀመጠው ተሹሞ ነው። ኤሊዩድ ማቱም በ1944 የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል የሆነው በሹመት ነው። ሞይ በ1955 ተሾመ፣ በ1957 ተመረጠ። ዓምዱ ከሌለ አንባቢ ሁሉንም ተመራጭ ያደርጋቸዋል።

አስተባባሪ፦ ልክ ነህ፣ ይስተካከላል። የድምፅ ብዛትና የመራጭ ተሳትፎ በመቶኛ እናስገባ?

ስሌት፦ የ1957ቱን በመቶኛ አታስሉ። ስለ አፍሪካውያን የምርጫ መብት በቀረበው የኩትስ ሪፖርት መነሻነት በወጣው ደንብ መሠረት አንድ አፍሪካዊ መራጭ በትምህርቱ፣ በገቢው፣ በንብረቱ፣ በአገልግሎቱ እየተመዘነ እስከ ሦስት ድምፅ ይሰጥ ነበር። ሣጥን ውስጥ የተገኘው ድምፅ የሰው ቁጥር አይደለም። ድምፁን ለተመዘገበው ሰው ብታካፍሉ ከመቶ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ አንዱ «ተጭበርብሯል» ብሎ ይጽፋል። «የተሰጠ ድምፅ» እና «የተመዘገበ ሰው» ለየብቻ ይቀመጡ፣ አይካፈሉ።

በአውሮፓውያኑ በኩል ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። ያለ ተቀናቃኝ የታለፈ ምርጫ ቆጠራ የለውም። እዚያ ላይ 0 ከተጻፈ ማንም ያልመረጠው ሰው ይመስላል። «ያለ ተወዳዳሪ» ተብሎ ይጻፍ።

ካርታ፦ ከማብራሪያው ገጽ ሲሶው ለ1961 ቢሰጥ እላለሁ። የዚህ ክልል ታሪክ የሚጨመቀው እዚያ ነው።

ስሌት፦ እኔም። አሠራሩ እንዲህ ነው። በ1960 ለንደን ላይ ስለ ኬንያ ሕገ መንግሥት በተደረገው የላንካስተር ሃውስ ስምምነት ከ53 ወንበሮች 33ቱ ክፍት፣ 20ው የተጠበቁ ሆኑ፤ ከተጠበቁት 10 ለአውሮፓውያን፣ 8 ለእስያውያን፣ 2 ለዓረቦች። እነዚህ 53ቱ ደግሞ 12 ብሔራዊ አባላት ይመርጣሉ። በተጠበቀ ወንበር የሚወዳደር ሰው መጀመሪያ በራሱ ማኅበረሰብ ማጣሪያ ቢያንስ 25 በመቶ ማግኘት አለበት። ያለፉት በሁለተኛው ዙር በክልሉ መራጭ ሁሉ ፊት ይቀርባሉ።

በስምጥ ሸለቆ ብለንደልን የገጠመው ካቨንዲሽ ቤንቲንክ ነበር፤ ላንካስተርን ተቃውሞ ከአፈ ጉባኤነቱ የለቀቀው። በማጣሪያው ነጮቹ ካቨንዲሽ ቤንቲንክን አስቀደሙ፣ ብለንደል ግን 25ቱን አለፈ። በጋራው መዝገብ አፍሪካውያኑ ሲጨመሩ ወንበሩ የብለንደል ሆነ። ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም ዙር በሁለት መስመር ካልተጻፈ፣ አንዱ ምንጭ «ተሸነፈ» ሌላው «አሸነፈ» ሲል አንባቢ ግራ ይጋባል።

ቃላት፦ ሁለት ነገር ብቻ። «ሕግ መወሰኛ» አትበሉ፤ የእኛ አንባቢ የንጉሡን ዘመን ሴኔት ነው የሚያስበው። «ሕግ አውጪ ምክር ቤት» በቂ ነው። «ስምጥ ሸለቆ»ም ብቻውን ከቆመ ዝዋይና ላንጋኖ ይታወሳሉ፤ ገጹ ላይ መጀመሪያ ሲመጣ «የኬንያ» ይቅደመው። «የምርጫ ክልል»ን በተመለከተ፣ ባዶውን «ክልል» ካላልን ከዛሬው የአስተዳደር ክልል ጋር አይምታታም።

አስተባባሪ፦ ጋሼ፣ ካርታው እንዴት ይሁን? አንድ ይበቃል?

ካርታ፦ አይበቃም፣ ሦስት ነው፤ ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ። የዛሬውን አስተዳደር ወሰን ገልብጣችሁ እንዳትቀቡ። ወሰኑ የሚወሰደው ከምርጫው በፊት በመንግሥት ጋዜጣ ከወጣው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉን መስመር በመስመር እያነበባችሁ በ1 ለ250,000 የድሮ ካርታ ላይ በእርሳስ ሳቡት። ኮምፒዩተር ላይ ማስገባት ከዚያ በኋላ ነው። ወሰኑ ሐይቅ ዳር የሚያልፍ ከሆነ የሳተላይት ምስል ላይ አትሥሩ፤ የናይቫሻ ውኃ በየዘመኑ ሲሸሽና ሲሞላ የኖረ ነው። ጽሑፉ ያላብራራው ቦታ በነጠብጣብ መስመር ይቅር።

መዝገብ፦ ለምንጩ፣ ለንደን ኪው ባለው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የመንግሥት ጋዜጣው ሲ.ኦ. (የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር መለያ) 542፣ የምክር ቤቱ ሰነዶች ሲ.ኦ. 544፣ ከለንደን ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ ሲ.ኦ. 533 ሥር ነው። መጀመሪያ 542 ይታይ፤ የወሰኑም የውጤቱም ማስታወቂያ እዚያ ነው። 533 ሰፊ ስለሆነ ለተመረጡ ዓመታት ብቻ፤ 1919፣ 1920።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ዕቅዱ፦ ሦስት ሰንጠረዥ፣ ሦስት ካርታ፣ 15 ገጽ፣ ከዚያ 5ቱ ለ1961። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሰው ለየብቻው ከጋዜጣው ይገልብጥና ይነጻጸር፤ ካልተስማማ ሦስተኛ ሰው ይይ። የ1957ቱን ማን ይይዛል?

ስሌት፦ እኔ። ሁለተኛው ገልባጭ ግን ከመዝገብ ክፍል ይምጣ።

መዝገብ፦ እሺ፣ እኔው ነኝ።