ሁለት ሌሊት ሲቆም ባትሪ የሚጨርስ የድሮ ዶልፊን፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ባለዶልፊኑ፣ አዲስ አበባ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 5ኤል የናፍጣ ሞተር ያለው የድሮ ዶልፊን (የቶዮታ ሚኒባስ) ነው። የኋላ ወንበሮቹን አስነቅዬ አልጋ፣ መብራትና ትንሽ ፍሪጅ አስገጥሜበታለሁ። ለፍሪጁ ሁለተኛ ባትሪ አለው። እረፍት ሳገኝ ላንጋኖ ወይም ወንጪ ይዤው እወጣለሁ። ችግሩ፣ ሁለት ሌሊት ከቆመ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ባትሪው ባለ 70 አምፔር ሰዓት ነው፣ ገና አዲስ። ሞተሩ ሲሰራ 14.1 ቮልት አነባለሁ። ማታ ሳጠፋው 12.6 ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት 11.9። ጋራዥ "ባትሪ ቀይር" ብለውኛል። እንደገና?

ከሙኒክ፦
የኔም አሮጌ ካምፐር እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘውና የሚለያየው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ) ተጣብቆ ፍሪጁ ከሞተሩ ባትሪ ይጠጣ ነበር። መኪናው ካደረ በኋላ ሪሌውን በእጅሽ… ይቅርታ፣ በእጅህ ንካው። ከሞቀ እሱን ጠርጥር።

የአውቶ ኤሌክትሪክ ሰው፣ ቃሊቲ፦
ወንድሜ፣ ሳትለካ ሳንቲም እንዳታወጣ። "ባትሪ ቀይር" ማለት ቀላል ነው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ። መጀመሪያ የባትሪውን ነጋቲቭ ንቀልና ሁለት ሌሊት ተወው። ያኔም ከወረደ ባትሪው ነው። ካልወረደ መኪናው ውስጥ የሚበላ ነገር አለ።

ከዚያ መልቲሜትርህን ባለ 10 አምፔር ቀዳዳ ላይ ሰክተህ በነጋቲቩ ገመድና በባትሪው ራስ መሀል አስገባው። በሮቹን ዝጋ፣ ትንሽ ጠብቅ። እንዲህ ላለ የድሮ መኪና ከ50 ሚሊአምፔር በታች ደህና ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ የቱ ላይ እንደሚወርድ እይ። መልቲሜትሩ በመሀል እያለ ቁልፍ አዙረህ ለማስነሳት እንዳትሞክር፣ ይቃጠላል።

ሹፌር 22፦
የባትሪ ማጥፊያ አስገጥምና ተገላገል። እኔ ማታ ማታ አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት ትነሳለች።

የአውቶ ኤሌክትሪክ ሰው፣ ቃሊቲ፦
ማጥፊያው በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። የሚያፈሰው ነገር እየባሰ ሄዶ ሽቦ ቢያቃጥልስ?

ባለዶልፊኑ፦
ለካሁ። ነጋቲቩ ተነቅሎ ሲያድር አልወረደም፣ ስለዚህ ባትሪው ነፃ ነው። መልቲሜትሩ ግን 1.4 አምፔር አሳየኝ! ሪሌው ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛውን ባትሪ ነቀልኩ፣ ለውጥ የለም። የቴፑንም፣ የመብራቱንም፣ ሁሉንም ፊውዝ ነቀልኩ። ያው 1.4።

የአውቶ ኤሌክትሪክ ሰው፣ ቃሊቲ፦
1.4 በ36 ሰዓት 50 አምፔር ሰዓት ነው፤ ከባለ 70 ባትሪ ላይ ምን ተረፈህ? በፊውዝ ሳጥኑ የማያልፍ ነገር እየበላ ነው ማለት ነው። በናፍጣ መኪና ሁለት ነው የምጠረጥረው፦ የካንዴላው (የሞተር ማሞቂያው) ሪሌና ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የዲናሞውን አካል ዳስስ። ሌላው ብረት ቀዝቅዞ እሱ ለብ ካለ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ያለበት ዲዮዱ ወደ ኋላ ያሳልፋል። 14.1 ማንበብህ አያታልልህ፣ ዲዮድ እያፈሰሰም ዲናሞ ቻርጅ ሊያደርግ ይችላል። ለማረጋገጥ ነጋቲቩን ነቅለህ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፍታ፣ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልል፣ እንደገና ለካ።

ባለዶልፊኑ፦
ለብ ብሏል! ሽቦውን ስፈታው 0.03 ሆነ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ሙሉ ዲናሞ ልግዛ ወይስ ዲዮዱን ብቻ?

የአውቶ ኤሌክትሪክ ሰው፣ ቃሊቲ፦
ዲዮዱ ብቻ ይቀየራል። ከተፈታ አይቀር ካርቦኑንና ኩሽኔታውንም ያዩልህ። አንድ ነገር ልብ በል፦ በነዚህ ሞተሮች ፍሬኑን የሚያቀለው ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ነው ያለው። ሲገጠም የዘይትና የቫኪዩም ቱቦዎቹ በደንብ መታሰራቸውን አይተህ፣ ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ሞክረህ ውጣ። ባትሪውንም አሁኑኑ በቻርጀር ሙላው። 11.9 ላይ ከከረመ አዲስነቱ አያድነውም።