«ፖቨርቲ»፣ «ሚዜር»፣ «ፕሬካሪቴ»፦ ሁሉንም «ድህነት» ብሎ መተርጎም ያዋጣል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፈረንሳይኛና ከእንግሊዝኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሰነድ ስተረጉም አራት አምስቱ ቃል «ድህነት» ሆኖ ቁጭ ይላል። የፈረንሳይኛዎቹ «ፖቭርቴ» እና «ሚዜር» ጎን ለጎን ሲመጡ ደግሞ «ድህነትና ድህነት» አይባል ነገር! እንዴት ነው የምትለዩት?

መልስ 1፦
«ፖቭርቴ» አጠቃላዩ ነው። በስታቲስቲክስ የሚለካውም እሱ ነው፤ በፈረንሳይ የተለመደው መስመር ሕዝቡ በገቢው ቢሰለፍ መሃል ላይ የሚቆመው ሰው ከሚያገኘው 60 በመቶው ነው። «ከድህነት ወለል በታች» በለው።

«ሚዜር» ከዚያ ይብሳል፤ የሚላስ የሚቀመስ ያጣ፣ መጠጊያም የሌለው ነው። «የከፋ ድህነት» ወይም እንደ ጽሑፉ ወዝ «መናጢ ድህነት» ይሄዳል። ልዩነቱ በኦክቶበር 17 ቀን ስያሜ ላይም ይታያል። የተባበሩት መንግሥታት በፈረንሳይኛ የ«ፖቭርቴ» ማስወገጃ ቀን ሲለው፣ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ትሮካዴሮ ላይ ያስጀመረው አቴዴ ካር ሞንድ የተባለው ድህነትን የሚታገል ድርጅት ግን «ሚዜር»ን እምቢ የማለት ቀን ይለዋል። ሁለቱን አንድ አድርገህ ከተረጎምክ ክርክሩ ራሱ ይጠፋል።

ቅጽሉ «ፖቭር» (ድሃ) ደግሞ ቦታው ትርጉሙን ይቀይራል። «አን ኦም ፖቭር» ገንዘብ የሌለው ሰው ነው። «አን ፖቭር ኦም» ግን ምስኪን ሰውዬ ነው፤ ሚሊየነርም ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦
በእንግሊዝኛው በኩል ጥንቃቄ የሚሻው «ዴስቲቲዩት» ነው። በብሪታንያ የ1999 የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ሕግ አንቀጽ 95 ፍቺ ሰጥቶታል፦ በቂ መጠለያም ሆነ የሚያገኝበት መንገድ የሌለው፣ ወይም መጠለያ ቢኖረውም ሌላውን መሠረታዊ የኑሮ ወጪ መሸፈን የማይችል። አዲስ አመልካች በ14 ቀን ውስጥ እዚያ ደረጃ የሚደርስ ከሆነም ይቆጠርለታል። ስለዚህ ለጥገኝነት ጠያቂ ቅጽ ሲተረጎም «ድሃ ነኝ» ብሎ ማለፍ ጉዳት አለው፤ መጠለያውንና ወጪውን ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

«ኢንዲጀንት» የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቃል ነው፦ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ። ከ«ኢንዲጂነስ» ጋር አታምታታው፤ ያኛው ነባር ተወላጅ ነው። «ፖፐር» የድሮው የእንግሊዝ የድሆች ሕግ ሥር ተመዝግቦ ድጎማ የሚቀበለው ነበር፤ ለዛሬ ሰው አይሆንም።

ሰዋስውም ያደናቅፋል። በፈረንሳይኛ «አን ፖቭር» ማለት ይቻላል፣ በእንግሊዝኛ «አ ፑር» ስህተት ነው፤ «አ ፑር ፐርሰን» መባል አለበት። «ዘ ፑር» ደግሞ «ኤስ» ሳይጨመርበት ግሡ የብዙ ይሆናል።

መልስ 3፦
«ብሮክ»፣ የእንግሊዞቹ «ስኪንት»፣ የፈረንሳዮቹ «ፎሼ» ላይ «ድሃ» እንዳትጽፍ፣ «ቺስታ» ነው። ደሞዝ ሲገባ የሚለቅ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው «ሚዘሪ»ም ከ«ሚዜር» ጋር ይመሳሰላል እንጂ ስቃይ፣ መከራ ነው፤ ኪስ አይመለከትም። የፈረንሳይኛው «ዴሙኒ» ጨዋ ቃል ነው፣ «አቅመ ደካማ» ይስማማዋል። «ነዳያን» ግን የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው፣ ለመንግሥት ሰነድ አልመርጠውም። በነገራችን ላይ «ድኅነት» ብለህ በ«ኅ» ከጻፍከው መዳን ይሆንብሃል፤ ብዙ ጽሑፍ ላይ ተሳስቶ አይቻለሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ፕሬካሪቴ» እና «ግራንድ ፖቭርቴ» ቀሩኝ።

መልስ 1፦
ለሁለቱም መነሻው የአቴዴ ካር ሞንድ መሥራች አባ ጆሴፍ ሬዚንስኪ በ1987 ለፈረንሳይ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት ያቀረቡት ሪፖርት ነው። «ፕሬካሪቴ» ማለት ሥራን የመሰለ ከኑሮ ዋስትናዎች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሲጓደል ነው፤ «የኑሮ ዋስትና ማጣት» በለው። ጉድለቱ ብዙ የኑሮ ዘርፍ ሲነካ፣ ሲሰነብትና ሰውየው በራሱ አቅም መልሶ መቆም ሲሳነው «ግራንድ ፖቭርቴ» ይሆናል። ለዚህኛው «ሥር የሰደደ ድህነት» እመርጣለሁ፤ «ከፍተኛ ድህነት» ካልከው መጠኑን እንጂ መሰንበቱን አይናገርልህም።