ፒኤፍሲቲኤል፦ ደንቡ ተጭኗል፣ አይፒው ግን አሁንም ይገባል

ጥያቄ፦ ኦፕንቢኤስዲ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ አንድ አይፒ አድራሻ የሚያግድ የፋየርዎል ደንብ ጨምሬ ጫንኩ። የፋየርዎሉ (የፒኤፍ) መቆጣጠሪያ ትእዛዝ «ፒኤፍሲቲኤል -ኤስ ሩልስ» ደንቡን ያሳየኛል፤ ትራፊኩ ግን አልቆመም። ምን ልይ?

መልስ 1፦ «-ኤስ ስቴትስ» ብለህ እይ። ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በስቴት ሰንጠረዡ (ፋየርዎሉ የተከፈቱ ግንኙነቶችን በሚመዘግብበት) ስለሚያልፍ አዲሱ ደንብ አይነካውም። «-ኬ» ብለህ አይፒውን አስከትልና ስቴቱን ግደል። በትልቁ ኤፍ «-ኤፍ ስቴትስ» ግን ተጠንቀቅ፤ የሁሉንም ስቴት ያጸዳል፣ ማሽኑን ከርቀት የምትገባበት የራስህ ኤስኤስኤችም ሊቋረጥ ይችላል።

መልስ 2፦ ከዚያም ካልቆመ «-ቪቪ -ኤስ ሩልስ» ብለህ የየደንቡን ቆጣሪዎች እይ። ኢቫሉዌሽንስ (ደንቡ የተፈተሸበት ብዛት) እየጨመረ ፓኬትስ (ደንቡ የጸናባቸው ፓኬቶች ብዛት) 0 ላይ ከቀረ ወይ ደንቡ አልገጠመም፣ ወይ ከሥሩ ያለ ሌላ ደንብ ቀምቶታል። ደንቡ ላይ «ኩዊክ» የሚል ቃል ካልተጻፈ የሚጸናው የመጨረሻው ገጣሚ ደንብ ነው። የመጀመሪያው ገጣሚ ደንብ የሚጸናበትን የሊኑክስ ፋየርዎል፣ አይፒቴብልስን፣ የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 1፦ የደንቦቹን ፋይል ስታስተካክል፣ ከመጫንህ በፊት በ«-ኤንኤፍ» (በትንሹ ኤፍ፤ ሳይጭን ብቻ ይፈትሻል) ፈትሸው።