ክርክር፦ ሰሜን መቄዶንያ በስሟ የከፈለችው ዋጋ ተገቢ ነበርን?

ጥያቄ አቅራቢ፦

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ በዚህ ሳምንት የምንከራከርበት ጉዳይ ግሪክና ዛሬ ሰሜን መቄዶንያ የምትባለው አገር እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2018 በፕሬስፓ ሐይቅ ዳር የተፈራረሙት ስምምነት ነው። ጉዳዩን ላልተከታተሉት ባጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ በ1991 ነጻነቷን ያወጀችው አገር «የመቄዶንያ ሪፐብሊክ» ተብላ ልትጠራ ስትል፣ ግሪክ ዋና ከተማው ተሰሎንቄ የሆነው የራሷ ክፍለ ሀገር በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ስሙ የመሬት ይገባኛል ጥያቄ ያዘለ ነው ብላ አጥብቃ ተቃወመች። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት የፈጀው ውዝግብ የተቋጨው አንደኛዋ ወገን ስሟን በመቀየሯ ነው። ይህ ፍትሐዊ ነበር ወይስ ጉልበት ያለው የሌለውን ያስገደደበት? በጨዋ ቋንቋ እንድትከራከሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሕግ ባለሙያዋ፦

እኔ ፍትሐዊ አልነበረም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ከስምምነቱ በፊት ከነበሩት ዓመታት እጀምራለሁ። ግሪክ በፌብሩዋሪ 1994 በጎረቤቷ ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል፣ ባሕር የሌላት ያቺ አገር ዕቃዋን የምታስገባበትና የምታስወጣበት የተሰሎንቄ ወደብ ተዘጋባት። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከቆየው ከዚህ ጫና በኋላ በሴፕቴምበር 1995 ጊዜያዊ ስምምነት ተፈረመ፤ የዚያች አገር መዲና ስኮፕዬ የጥንት መቄዶንያ ነገሥታት ምልክት የሆነውን ባለ 16 ጨረሩን የቬርጊና ፀሐይ ከሰንደቅ ዓላማዋ ልታነሣ ተስማማች፣ ግሪክም ጎረቤቷ «የቀድሞዋ የዩጎዝላቪያ መቄዶንያ ሪፐብሊክ» በሚለው ጊዜያዊ መጠሪያ ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ብትገባ ላትቃወም ቃል ገባች። ይሁን እንጂ በኤፕሪል 2008 በቡካሬስት የኔቶ ጉባኤ ላይ ግሪክ የጎረቤቷን ወደ ኔቶ መግባት ተቃወመች። ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በዲሴምበር 2011 ዳኞቹ 15 ለ1 በሆነ ድምፅ ግሪክ ግዴታዋን ጥሳለች ብለው ፈረዱ። ታዲያ ምን ተለወጠ? ምንም አልተለወጠም፤ የኔቶ በር እንደተዘጋ ቀረ። በፍርድ የረታው ወገን ሰባት ዓመት ያህል ደጅ ከጠና በኋላ የተረታው ወገን የጠየቀውን እንዲፈጽም ከተገደደ፣ ያንን በነጻ ፈቃድ የተደረገ ስምምነት ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

በሴፕቴምበር 30 ቀን 2018 የተደረገውም ሕዝበ ውሳኔ ሊዘነጋ አይገባም። ድምፅ ከሰጡት መካከል ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት ቢደግፉትም፣ የወጣው ሕዝብ 37 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ የሚፈለገው ደግሞ ከግማሽ በላይ ነበር። ሕዝቡ ቤቱ በመቅረት ድምፁን ሰጥቷል።

በተሰሎንቄ የኖረው፦

እኅቴ የጠቀሱት የፍርድ ቤት ውሳኔ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን እኔ በተሰሎንቄ ለዓመታት በሥራ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ የግሪኮቹ ስሜት የፖለቲከኞች ፈጠራ ብቻ እንዳልነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስሙ መቄዶንያ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸውን መቄዶንያውያን ይላሉ። በዚያ በኩል ደግሞ ስኮፕዬ አውሮፕላን ማረፊያዋን በታላቁ እስክንድር ስም ሰየመች፣ በ2011ም በመሐል አደባባይዋ እስክንድርን የሚመስል፣ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የተዋጊ ግዙፍ ሐውልት አቆመች። እንዲህ ያለው ነገር የተሰሎንቄን ሰው ቢያስቆጣ አይፈረድበትም።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ባለው በኤቭዞኒ ኬላ ያየሁትን ልናገር። ከሰሜን የመጡ መኪኖች ተሰልፈው ሳሉ የኬላው ሠራተኛ ወደ አንዷ ጎንበስ ብሎ፣ በሰሌዳዋ ላይ የአገሯን ስም የሚያመለክቱትን ሁለት ፊደሎች በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ሸፈናቸው። በመኪናዋ ውስጥ አባትና እናት ከኋላ ከተቀመጡ ሁለት ልጆቻቸው ጋር ነበሩ፤ አባትየው ፊት ለፊቱን እያየ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የፕሬስፓ ስምምነት ያንን ተለጣፊ አስቀርቷል፤ ሰሌዳው አዲሱን ስም ይዞ ማንም ሳይነካው ያልፋል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሕግ ባለሙያዋ፦

ወንድሜ፣ ምስክርነትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የነገሩን ታሪክ የኔን ሐሳብ ይበልጥ ያጠናክራል። ተለጣፊውን የለጠፈው ወገን መለጠፉን ስላቆመ ምስጋና ሊቸረው አይገባም።

የታሪክ መምህሩ፦

ሁለታችሁም እውነት የያዛችሁ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ስምምነቱን ራሱን፣ ቃል በቃል፣ እንድንመረምረው እለምናለሁ። እኛ አማርኛ አንባቢዎች መቄዶንያን የምናውቃት በመጀመሪያ ከሐዋርያው ጳውሎስ ጉዞ፣ ከፊልጵስዩስና ከተሰሎንቄ ነው፤ ሁለቱም ከተሞች በዛሬዋ ግሪክ ውስጥ ናቸው፣ እስክንድርንም ከዚያው ጋር አያይዘን ነው የተማርነው። በዚህ የተነሣ ጆሯችን ሳናውቀው ወደ አንድ ወገን ያደላል። የስምምነቱ አንቀጽ 7 ይህንን ጉዳይ በጥንቃቄ ይዞታል፤ መቄዶንያ የሚለው ቃል ለሁለቱ ወገኖች የተለያየ የታሪክና የባህል ትርጉም እንዳለው ሁለቱም ይቀበላሉ፣ ለግሪክ የጥንቱ የሄለናውያን ሥልጣኔ፣ ለሰሜኑ ደግሞ የራሱ ምድር፣ ሕዝብና ቋንቋ። ቋንቋው መቄዶንኛ ተብሎ ይጠራል፣ የደቡብ ስላቭ ቋንቋ መሆኑም ተጽፏል፤ ዜግነቱም «መቄዶንያዊ/የሰሜን መቄዶንያ ሪፐብሊክ ዜጋ» ነው። ግሪክ ይህን ለመቀበል የከፈለችው ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ሲፕራስ መንግሥት የጥምረት አጋሩን አጥቶ፣ በጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ስምምነቱ በፓርላማው ያለፈው በ153 ለ146 ድምፅ ነው። ሲፕራስ በዚያው ዓመት ምርጫውን ተሸነፈ፤ የተሸነፈበት ምክንያት ስሙ ብቻ ባይሆንም በሰሜን ግሪክ ያስከፈለው ድምፅ ብዙ ነው።

ስለዚህ በደሉን በሰነዱ ላይ አላየውም፤ የማየው ከሰነዱ በኋላ በተፈጸመው ነገር ላይ ነው። የሰሜን መቄዶንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዛኤቭ ሕዝቡን ስም እንዲቀይር ያሳመነው ሁለት በሮች ይከፈታሉ ብሎ ነበር። የኔቶው በር በማርች 2020 ተከፈተ። የአውሮፓ ኅብረት በር ግን በኦክቶበር 2019 በፈረንሳይ፣ በኖቬምበር 2020 ደግሞ በቡልጋሪያ ተዘጋ፤ ቡልጋሪያ ቋንቋቸው የቡልጋርኛ ዘዬ ነው፣ ታሪካቸውም የእኛ ነው ብላ ተነሣች። ድርድሩ በ2022 ተከፈተ ቢባልም ወደፊት ለመራመድ ቡልጋሪያውያንን የሚጠቅስ ሌላ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተጠየቀ። አንድ ሕዝብ ስሙን ሰጥቶ ሲያበቃ ቋንቋውንና ታሪኩን እንዲያስረዳ ከተጠየቀ፣ ሌላ ጊዜ ማን ለድርድር ይቀመጣል? በሜይ 2024 የተመረጡት ፕሬዚዳንት ሲልያኖቭስካ ዳቭኮቫ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አገሪቱን «መቄዶንያ» ብቻ ብለው ሲጠሩ የግሪክ አምባሳደር አዳራሹን ጥለው ወጡ። ፕሬዚዳንቷ የተፈረመን ውል ማክበር ነበረባቸው፤ ነገር ግን ያን ቁጣ የዘሩት ብራስልስ ላይ ቃላቸውን ያጠፉ መንግሥታት ናቸው።

በተሰሎንቄ የኖረው፦

መምህር፣ በዚህ እስማማለሁ። የግሪክ የጦር አውሮፕላኖች ዛሬ የሰሜን መቄዶንያን ሰማይ እንደሚጠብቁ ስናስብ፣ በአቴንስና በስኮፕዬ መካከል ያለው ግንኙነት ከስሙ ክርክር አልፎ እንደሄደ ግልጽ ነው። መንገዱን የዘጋው ሌላ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦

የአንቀጽ 7ን ነገር ተቀብያለሁ፤ ቋንቋውና ዜግነቱ በስማቸው መጠራታቸው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ነገር ግን አቴንስን ከጥያቄው ነጻ አላደርጋትም። ከስምምነቱ በኋላ የተዘጋጁት ሦስቱ የትብብር ሰነዶች ለዓመታት በግሪክ ፓርላማ ሳይጸድቁ ቆይተዋል። ስኮፕዬን ውል አክብሪ የምትል መዲና በመጀመሪያ እነዚያን ሰነዶች ታጽድቅ፤ በዚህ ነጥብ ላይ መምህሩ የሚሉትን ለመስማት እወዳለሁ።