ሀብታም የነጋዴ ቤት ወንጀለኛ ልጁን ምን ያደርገዋል? (ለልቦለድ ነው፣ አትደንግጡ)

ዶሮማነቂያ፦
ሰላም ናችሁ? ምናባዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ምዕራፍ 9 ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ አንድ ካፌ እቀመጥና ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አንዲት አንቀጽ ጽፌ እሰርዛለሁ፣ ሂሳብ ከፍዬ እወጣለሁ። በቃ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ ንጉሥ የላትም። አምስት የሲራራ ነጋዴ ቤቶች ናቸው የሚያስተዳድሯት። ገንዘቡ ጨው ነው፣ እንደ ድሮው የኛ አሞሌ፣ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ማኅተም አሽጎ ያወጣዋል። ትልቁን ቤት የምትመራው አንዲት አሮጊት ናት። የልጅ ልጇ፣ ወራሽ ይሆናል የተባለው ማለት ነው፣ ሁለት ጥፋት አጠፋ። አንደኛ፣ ሰክሮ የሌላ ቤት ጠባቂ ገደለ። ሁለተኛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አሞሌውን ዳር ዳሩን እየፋቀ፣ ፍርፋሪውን ለብቻው እየሸጠ፣ የተፋቀውን ደግሞ በቤቱ ማኅተም እያሸገ ገበያ ሲያወጣ ነበር። ይሄን የሚያውቀው አንድ የመዝገብ ጸሐፊ ብቻ ነው።

አስማቱ ትንሽ ነው። በማኅተሙ ላይ በሐሰት የማለ ሰው እጁ ይጠቁራል። ድራጎን ምናምን የለም።

መጀመሪያ አሮጊቷ ልጁን ለዳኞች አሳልፋ ትሰጠዋለች ብዬ ጻፍኩ፣ ወንድሜ አነበበውና «የትኛዋ አያት?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዛ እንድትደብቀው አደረግኩ፣ እሱ ደግሞ ስንቴ ያየነው ነገር ሆነ። በሁለቱ መሃል ምን አለ?

እህል_በረንዳ፦
እህቴ፣ ሁለቱን ጥፋት እኩል አድርገሽ ነው ያስቀመጥሻቸው፣ የተያዝሽውም እዛ ጋ ይመስለኛል። ለነጋዴ ቤት እኩል አይደሉም። ግድያው መንገድ አለው። ሽማግሌ ይላካል፣ ይለመናል፣ ይለቀሳል፣ ካሳ ተከፍሎ ደም ይደርቃል። ያማል፣ ያዋርዳል፣ ግን ዋጋው ይታወቃል፣ ነጋዴ ደግሞ ዋጋው የታወቀ ነገር አያስፈራውም። የጨው ፍቀቱስ? ያ ማኅተም ያረፈበት አሞሌ በሙሉ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት አያትየው ያሸጉት ጭምር፣ አሁን ተጠርጣሪ ነው። ስንት አሞሌ እንደተፋቀ ስለማይታወቅ ካሳውን ማስላት ራሱ አይቻልም።

የኛን ቤት ልንገርሽ። እኔ መርካቶ ነው ያደግኩት፣ አጎቴ ቅቤና ማር ነጋዴ ነበር። የአክስቴ ልጅ አጎቴ ጋ ይሠራል። አንዴ ሰው ደብድቦ ጥርስ አውልቆ ነበር፣ ያኔ ዘመድ ተሰብስቦ ተቆጣው፣ ካሳ ከፈለለት፣ ከወር በኋላ በሰርግ ላይ እየቀለዱበት ነበር። በዓመቱ ቅቤው ላይ ባዕድ ነገር ሲቀላቅል ተያዘ። አጎቴ አልጮኸም፣ ፖሊስም አልጠራም። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ እቃ የሚሰጡትን ሰዎች ቤት ለቤት ዞረ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በኔ ስም ለዚህ ልጅ ዱቤ እንዳትሰጡ» አላቸው። ስምንት ቃል ነው። ያንን ቅቤ የገዙትንም እየፈለገ ብራቸውን መለሰ፣ ያልጠየቁትን ጭምር። ልጁን ክፍለ ሀገር ዘመድ ሱቅ ላከውና እስከዛሬ እዛው ነው፣ አግብቷል፣ ወልዷል። ሚዛን ግን እንዲነካ አይፈቀድለትም። ከአርባ ዓመት ሰው ጋር ሱቅ ውስጥ ቆመሽ፣ ቅቤ ሲመዘን እሱ ዞር ብሎ እቃ ሲያስተካክል ስታዪ ምን እንደሚመስል...

ስለዚህ ያንቺ አሮጊት ስለ ግድያው ታለቅሳለች፣ ስለ ጨዉ ግን ዝም ትላለች። ዝምታዋን ጻፊው።

ልደታ_አካባቢ፦
ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ ግን አጎትህ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ ሁሉም ቤት እንደዛ አይደለም :) እኔ ጥብቅና ነው የምሠራው። «አሳልፎ መስጠትና መደበቅ» ለድሃ ቤተሰብ ነው ምርጫ የሚሆነው። ሀብታም ቤት ሦስተኛ ነገር አለው፣ ወረቀት።

የጣሊያኖቹን የሜዲቺ ባንክ እዪ፣ ከ1397 እስከ 1494 እ.ኤ.አ. የሠራ ነው። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ራሱን የቻለ ሽርክና አድርገው ነበር ያቋቋሙት። በ1455 ብሩዥ ከተማ አንድ ነጋዴ ከለንደን ቅርንጫፍ የተሸጠ ዘጠኝ እስር ሱፍ አስተሻሸጉ ተበላሽቷል ብሎ የብሩዡን ቅርንጫፍ ከሰሰ። የብሩዦቹ መልስ «ሱፉን የሸጠው ለንደን ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ነበር። ፍርድ ቤቱ ተቀበላቸው! ሁለቱም ጋ የላይኛው አለቃ አንድ ቤተሰብ ነው እኮ። ያንቺ አሮጊትም አንድ ሌሊት ላይ ልጁን የአንድ ሩቅ ጨው ማውጫ «ባለቤት» ልታደርገው ትችላለች፣ ቀኑ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የተጻፈ ውል። ጠዋት ላይ የተፋቀው ጨው የሱ እንጂ የቤቱ አይደለም።

ሌላ የረሳሽው ነገር አራቱ ቤቶች ናቸው። ተመልካች አይደሉም። ቬኒስ ላይ ፍራንቼስኮ ፎስካሪ የከተማዋ የበላይ መሪ ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ልጁ ያኮፖ በ1445 በጉቦ ተከስሶ ለግዞት ተፈረደበት። ቆይቶ ደግሞ በግድያ ተጠርጥሮ ወደ ቀርጤስ ደሴት ተጋዘ፣ እዛው በ1457 ሞተ። በዛው ዓመት አባትየውን ከሥልጣን አወረዱት። የፈረደው የአሥሩ ምክር ቤት ነው፣ አባላቱም እንደ ፎስካሪዎቹ ያሉ የመኳንንት ቤቶች ሰዎች ነበሩ። ያጠፋው ልጅ ለተቀናቃኝ ቤት ጥሩ መግቢያ በር ነው። አባት ዙፋን ላይ ሆኖ ካላዳነው፣ አሮጊቷ በምን ታድነዋለች? እዚህ ጋ ነው ፍርሃቷ ያለው።

በነገራችን ላይ እኛም ጋ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የቤተ ዘመድ ጉባኤ» የሚባል ነገር ነበር። ስሙን ብቻ እንኳ ውሰጂው፣ ለልቦለድ ያምራል።

ሻይ_በሎሚ፦
ሁላችሁም አስማቱን ረሳችሁት እኮ። በማኅተሙ ላይ በሐሰት የማለ እጁ ይጠቁራል አይደል? እንግዲያው ትልቅ ቤት ሁሉ ምንም የማይነገረው አንድ የዋህ አጎት ይኖረዋል። ጠግቦ ይበላል፣ በክብር ይቀመጣል፣ መዝገብ ቤት ግን አይገባም። ችግር ሲመጣ እሱን ይልኩታል። «ቤታችን ጨው አልፋቀም» ብሎ ከልቡ ይምላል፣ እጁም ነጭ እንደሆነ ይመለሳል። ውሸታም አይደለም፣ አያውቅማ።

እንዲህ ዓይነት አጎት በየቤታችሁ የለም በሉኝ እስቲ።

ጡረተኛው፦
ልጄ ዶሮማነቂያ፣ ስምሽን ሳየው ሆዴ ባባ፣ እኔም ፒያሳ ነው የኖርኩት፣ ሰፈሩ ፈርሶ አሁን ባልፍበት መንገዱ ይጠፋኛል። ወደ ጥያቄሽ ልመለስ።

ቬኒስ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? እዚሁ አራዳ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመን ነጋድራስ የሚባል ሹም ነበር። ቀረጥ ይሰበስባል፣ የገበያ ጠብም ይዳኛል። ትንሽ ሹመት እንዳይመስልሽ፣ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ስለዚህ ነጋዴው፣ ቀረጥ ሰብሳቢውና ዳኛው የሚቀራረቡበት ከተማ ለኛ እንግዳ አይደለም፣ አስማትም አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ልስጥሽ። ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለዕዳና አበዳሪ፣ ጉዳያቸው እስኪቆረጥ ድረስ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር፣ በሰንሰለት ወይም ልብሳቸው ተቋጥሮ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ «የቁም ቁራኛ» የምንለው ከዛ የመጣ ነው።

ሌላው፣ ስለዚያ ጸሐፊ ማንም አላነሳም። ሁላችሁም ስለ ባለጸጋው ልጅ ተጨነቃችሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ ክፍል ሠርቻለሁ፣ የት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ገንዘብ ሲጎድል መጀመሪያ የሚወጣው የሥራ አስኪያጁ ፋይል አይደለም፣ የገንዘብ ያዡ ነው፤ ቀጥሎ ተያዡ ይጠራል። አንድ ጓደኛችን ባልበላው ብር ተያዥ የሆነችለት እህቱ ደመወዟ ሲቆረጥ ዓመታት አሳልፋለች። ያንቺ ጸሐፊ ሲቀጠር ተያዥ የሆነለት ማነው?

ዶሮማነቂያ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተያዥ የሚለው ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር፣ እኔ ራሴ ሥራ ስገባ ስንት ሰው ለምኜ እንዳገኘሁ እየታወቀ።

@እህል_በረንዳ ዝምታውን ወስጃለሁ። ግን ካሳ ስለመመለሱ አልስማማም፣ አጎትህ ያደረጉትን አሮጊቷ ማድረግ አትችልም፣ ብሩን ከመለሰች ማመኗ ነው፣ አራቱ ቤቶች ይበሏታል።

እህል_በረንዳ፦
አጎቴም ፈርቶ ነበር እኮ። ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ ነው ያደረው፣ እኔ አጠገቡ ነበር የተኛሁት።

ዶሮማነቂያ፦
እሺ ይሄንንም እወስዳለሁ፣ ይቅርታ ወንድሜ።

እንዲህ አሰብኩ። ውሉ ወደ ኋላ ይጻፋል፣ ግን ሊጽፈው የሚችለው ያው ጸሐፊ ብቻ ነው፣ የሁለት ዓመቱ መዝገብ በሱ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ። እምቢ ይላል። ጀግና ሆኖ አይደለም፣ ተያዡ የዋሁ አጎት ስለሆነ ነው። ልጅ ሆኖ ከመንገድ ያነሳው እሱ ነው፣ ውሉን ከጻፈ ደግሞ ቤቱ አጎትየውን ሄደህ ማል ይለዋል፣ ጉድለቱ ከታወቀ ዕዳውም በሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጸሐፊው ራሱ ወራሹን ዳኞች ፊት ይከስሰዋል። በከተማው ሕግ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ናቸው። ዳኞቹ ከጾሙ በፊት አይቀመጡም፣ አርባ ቀን አለ።

ምዕራፍ 9 የሚጀምረው በእራት ሰዓት ነው። ወራሹና ጸሐፊው በአንድ ሰንሰለት ታስረው አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል፣ አሮጊቷ ከፊት ለፊት ናት፣ ማንም አይናገርም። አስታጣቢዋ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከየትኛው እጅ እንደምትጀምር ጠፍቷት ቆማለች።

ሻይ_በሎሚ፦
ጸሐፊው ወጡን ቀድሞ እንዳይቀምስ ብቻ።